“ይላሉ” እና “ይሉ ነበር”፦ በሥጋ የሌለ መምህር በጽሑፍ ውስጥ የሚኖርበት መንገድ

1. መግቢያ

ተማሪ ስላረፉ መምህሩ ሲናገር የሚመርጠው ግሥ ብዙ ነገር ይገልጣል። “የኔታ እንዲህ ይሉ ነበር” ያለ እንደሆነ መምህሩ ከኋላው ቀርተዋል፤ “የኔታ እንዲህ ይላሉ” ያለ እንደሆነ ግን አሁንም ከፊቱ ተቀምጠዋል። በሰዋስው ረገድ ልዩነቱ የአንዲት ረዳት ግሥ መኖርና አለመኖር ብቻ ነው። በሥነ ጽሑፍ ረገድ ግን ይህች ትንሽ ልዩነት አንድን ዘውግ ከሌላው የምትለይ ድንበር ልትሆን እንደምትችል በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ወደዚህ ጉዳይ የመሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ኪራሙ ውስጥ ፊደልና ዳዊት ያስተማሩኝ፣ ዓባይን ተሻግረው ከጎጃም የመጡ የኔታ ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነቀምቴ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ሒሳብ ያስተማሩኝ ሕንዳዊ ናቸው። እንደሚታወቀው በዚያ ዘመን በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ከሕንድ የመጡ መምህራን ብዙ ነበሩ። እኚህ ሰው በተከራዩት ቤት ግድግዳ ላይ፣ ዐይናቸውን ገርበብ አድርገው የተቀመጡ የአንድ ጢማም ሰው ፎቶግራፍ ሰቅለዋል። ማታ ማታ ሰንደል ያጨሱለታል፤ ከሚበሉትም ቀነስ አድርገው በትንሽ ሳሕን ከፊቱ ያስቀምጣሉ። የክፍሉን ደብተሮች ላደርስ የሄድሁ ዕለት ሰውየው ማን እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። “መምህሬ ናቸው” አሉኝ። አሁን የት እንደሚገኙ ብጠይቃቸው፣ ካረፉ ሰማንያ አምስት ዓመት ገደማ እንደሆናቸው ፈገግ ብለው ነገሩኝ። የራሳቸው አባት እንኳ ያን ጊዜ አልተወለዱም ነበር። በስሌት አንዲት ነጥብ የማይስቱት የሒሳብ መምህር፣ ከመወለዳቸው በፊት ስላረፉ ሰው “ናቸው” ማለታቸው እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ጥያቄ ሆነ።

የጽሑፌ ዓላማ በየትኛውም ሃይማኖት እውነትነት ላይ መፍረድ አይደለም። ጥያቄዬ የሐያሲ ጥያቄ ነው። መምህር በሥጋ ሲለይ የደቀ መዝሙሩ ፍቅር ምን ዓይነት ጽሑፍ ይወልዳል? ያ ጽሑፍስ የሚያቆይልን ማንን ነው? የሚያስተምሩትን ሰው ወይስ የሚማልዱትን ቅዱስ? ለንጽጽር የመረጥሁት የሒሳብ መምህሬን መምህር የሽሪ ራማክሪሽናን ነገር የሚዘግበውን የቤንጋልኛ መጽሐፍና የእኛን የገድልና የመልክእ ትውፊት ነው። በመጨረሻም ስለ የኔታ ራሴ የጻፍሁትን ረቂቅ እሄሳለሁ። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ቀን ያለው ቃል

“ጉሩ” የሚለው የሳንስክሪት ቃል መነሻ ፍቺው “ከባድ” ማለት ነው። እኛም “ክብደት ያለው ሰው” ስንል የምንመዝነው ሥጋውን አለመሆኑን ስናስብ ቃሉ እንግዳ አይሆንብንም። በአንጻሩ “የኔታ” ከ“የእኔ ጌታ” ያጠረ ነው። አንዱ የመምህሩን ክብደት፣ ሌላው የተማሪውን መገዛት ይናገራል። በሁለቱም ስም ውስጥ ግን ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው በመቀመጥና በመስማት ይተላለፋል የሚል እምነት አለ። ስለሆነም መምህሩ ሲሞት የሚፈጠረው ክፍተት የአንድ ሰው መጉደል ብቻ ሳይሆን የመማሪያው መንገድ መቋረጥ ነው።

ራማክሪሽና በ1836 ቤንጋል ውስጥ ካማርፑኩር በምትባል መንደር ተወለዱ። ዕድሜያቸውን በአብዛኛው ያሳለፉት በካልካታ አጠገብ በዳክሺኔስዋር በሚገኘው የካሊ ቤተ መቅደስ ነው። ትምህርት ቤት ብዙም አልዘለቁም፤ መጽሐፍም አልጻፉም። ነሐሴ 1886 በጉሮሮ ካንሰር ሲያርፉ የቀረው በሰሚዎቻቸው ጆሮ ያለው ብቻ ነበር። ከሰሚዎቹ አንዱ ማሄንድራናት ጉፕታ የተባለ የካልካታ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነው። ይህ ሰው በ1882 መጀመሪያ ከራማክሪሽና ጋር ከተገናኘበት ጊዜ አንሥቶ ያየውንና የሰማውን ወደ ቤቱ ሲመለስ በማስታወሻ ይይዝ ነበር። ከማስታወሻው የወጣው “ካትሃምሪታ” የተሰኘው መጽሐፍ በቤንጋልኛ በአምስት ቅጾች ከ1902 እስከ 1932 ታተመ። ርእሱ በግርድፉ “ቃሉ የሆነ የሕይወት መጠጥ” እንደ ማለት ነው። ጸሐፊው ሙሉ ስሙን ደብቆ በአንዲት ፊደል ብቻ “ም.” ብሎ ፈርሟል።

የዚህ መጽሐፍ ትልቁ ብልኀት፣ በእኔ አመለካከት፣ መቼቱ ነው። አንድ ንግግር ከመጀመሩ በፊት ዕለቱ ይነገራል፤ ሰዓቱ ይነገራል። ማን አልጋው ላይ፣ ማን መሬት ላይ እንደተቀመጠ፣ ከግቢው በታች የሚያልፈው የጋንጀስ ወንዝ ምን እንደሚመስል ይነገራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቃል ለዘለዓለም የተነገረ ሳይሆን በዚያ ማታ፣ ለዚያ ሰው፣ በዚያ ጥያቄ ምክንያት የተነገረ ሆኖ ይሰማናል። መምህሩ በገበሬ ምሳሌ ይናገራሉ። የባሕሩን ጥልቀት ልትለካ ገብታ፣ ቀልጣ ስለቀረችው የጨው አሻንጉሊት የሚናገሩትን ምሳሌ ያነበበ ወለጋዊ፣ አሞሌ በዝናብ ቀን በአህያ ጭኖ የተጓዘ አያቱን ሳያስታውስ አያልፍም። ምሳሌው ስለ እግዚአብሔር ባሕርይ ነው፤ ሥጋውና ደሙ ግን የገበያ ዕቃ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የገረመኝ ጸሐፊው በራሱ ላይ የሚያደርገው ነው። በመጀመሪያዎቹ ግንኙነቶቻቸው መምህሩ ስለ ሚስቱ ሲጠይቁት፣ የተማረው ሰው ሚስቱን ያላወቀች ብሎ ይገልጻታል። መምህሩም አንተስ ዐዋቂ ነህን በሚል መንፈስ ይገሥጹታል። ጸሐፊው ይህን ማፈሪያውን አልሰረዘም፤ እንዲያውም ከመጽሐፉ መግቢያ ትዕይንቶች አንዱ አደረገው። ራማክሪሽና መምህር ሆነው የሚታዩን ደቀ መዝሙሩ ሲማር ስለምናየው ነው። የሚያፍር ተማሪ ከሌለ የሚያስተምር መምህር በገጹ ላይ አይኖርም።

ይህን ስል “ካትሃምሪታ” የድምፅ መቅጃ ነው ማለቴ አይደለም። ጸሐፊው አጫጭር ማስታወሻዎቹን ያስፋፋው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ትዝታ ይመርጣል፣ ይቀጥላልም። የመጽሐፉም ዕጣ ለክርክሬ አስረጂ ነው። ስዋሚ ኒኪላናንዳ በ1942 ኒው ዮርክ ላይ ባሳተሙት የእንግሊዝኛ ትርጉም ከመምህሩ የገጠር አነጋገር ለጆሮ ሻካራ የሆነው በየቦታው ለዝቧል ወይም ተትቷል። ፍቅር መምህሩን ለማቆየት ይጽፋል፤ ያው ፍቅር ደግሞ መምህሩን ለማሳመር ይሰርዛል። የሁለቱ ትግል የዚህ ዘውግ ሕይወት ይመስለኛል።

ሌላው ወገን ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። የራማክሪሽና ባለቤት ሳራዳ ዴቪ ባላቸው ባረፉ ማግሥት በሕንድ መበለቶች ልማድ አምባራቸውን ሊያወልቁ ሲነሡ፣ ሟቹ ተገልጠው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንደማለፍ እንጂ እንዳልሄዱ ነገሯቸው ተብሎ ይተረካል። አምባሩ አልወለቀም። እስከ 1920 ድረስ በኖሩበት ዘመን ለብዙ ሰዎች እርሳቸው ራሳቸው መምህር ሆኑ። ለእርሳቸው የመምህሩ መኖር መረጃ የሚሻ ነገር አልነበረም። ጉፕታ መምህሩን በቀንና በሰዓት አቆየ፤ ሳራዳ ዴቪ በእጃቸው አምባር አቆዩ። ሐያሲ ሊፈትሽ የሚችለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ግን ሊያከብር ይገባዋል፤ የሒሳብ መምህሬን ትንሽ ሳሕን ያስቀመጠው እርሱ ነውና።

3. አካል የሚሠራ ግጥም፣ ኪዳን የሚሰጥ ትረካ

ወደ እኛ ትውፊት ስንመለስ ለተለየ መምህር ፍቅር ሁለት የበለጸጉ ዘውጎች እናገኛለን። የመጀመሪያው መልክእ ነው። መልክእ የቅዱሱን አካል ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር በየተራ “ሰላም” እያለ ይሳለማል። ብዙ ጊዜ ባለ አምስት ስንኝ የሆነ አንድ ቤት ግጥም ለአንድ የአካል ክፍል ይሰጣል፤ ከዚያም ወደ ነፍስ መውጣት፣ ወደ በድን፣ ወደ ግንዘትና ወደ መቃብር ይደርሳል። መልክእ አብዛኛውን ጊዜ በሃይማኖታዊ ይዘቱ ወይም በቤት አመታቱ ተመርምሯል። እኔ ግን ከዚህ ጥያቄ አንጻር ሳየው የመለየት ግጥም ሆኖ አገኘዋለሁ። አካሉ የለም፤ ስለዚህ ድምፁ አካሉን አንድ በአንድ መልሶ ይሠራዋል። በሕንድ የተለየ ጉሩ ነጠላ ጫማ ሲከበርና አበባ ሲቀርብለት የሚሠራው ሐሳብም ከዚህ አይርቅም። የቆመበት ከተገኘ የቆመው አልጠፋም። ይሁንና በመልክእ ውስጥ ቅዱሱ አይናገርም። ከንፈሩ ሰላም ይባላል እንጂ አይከፈትም።

ሁለተኛው ገድል ነው። እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ ብቻ ልውሰድ፤ ገድለ ወለተ ጴጥሮስን። ወለተ ጴጥሮስ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት በመቃወም ከባልዋ ቤት የወጣች፣ በጣና ዙሪያና በሌሎች ቦታዎች ማኅበራትን የመሠረተች መነኩሲት ናት። በ1642 ዐረፈች። ገድሏን መነኩሴው ገላውዴዎስ በ1672፣ ማለትም ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ካወቋት ሰዎች ምስክርነት ጻፈው። ሠላሳ ዓመት ለእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ አደገኛ ዕድሜ ነው፤ ያዩት እያለቁ፣ የሰሙት እየበዙ የሚሄዱበት ነው። ማኅበሩ በዚያ ሰዓት ማስጻፉ ራሱ ድንጋጤውን ይነግረናል።

በዚህ ገድል ውስጥ የዘውጉ ግዴታዎች ሁሉ አሉ። ልደቷ ይመሰገናል፤ በሞቷ ሰዓት ስሟን ለሚጠራ ቃል ኪዳን ይሰጣታል፤ ከሞቷ በኋላ ያደረገቻቸው ተአምራት ይከተላሉ። ሆኖም ግዴታዎቹ መካከል ሌላ ነገር ሾልኮ ይገባል። ስትታመም፣ ስትቆጣ፣ በጣና ላይ በታንኳ ስትጓዝ፣ ከጓደኛዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ስትመካከር እናያታለን። እነዚህ ዝርዝሮች ለቅድስናዋ ማስረጃ ሆነው የገቡ አይመስሉም፤ ያየ ሰው ሊረሳቸው ስላልቻለ የገቡ ይመስላሉ። ሰውየዋ የምትሰማን በእነርሱ በኩል ነው። ዘውጉ አማላጅ ሲጽፍ ምስክሮቹ ሴትዮዋን አሾልከው አስገቡ ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

እንግዲህ በሁለቱ ትውፊቶች መካከል ያለውን ልዩነት እንዲህ ማጠቃለል ይቻላል። ገድል “ትሰማናለች” ይላል፤ “ካትሃምሪታ” “ስሙት” ይላል። በመጀመሪያው ውስጥ የተለየው መምህር ጆሮ ነው፤ ልመናችንን ይቀበላል። በሁለተኛው ውስጥ አፍ ነው፤ ይመልስልናል፣ ይገሥጸናል። ሁለቱም መኖር ነው። ማስተማር ግን ሁለተኛው ነው። ገድላችን ድሃ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምለው። የገድል ጸሐፊ ሥራው ማኅበርን ማጽናት ነው፤ የክፍል ውይይት መመዝገብ አልነበረም። ችግሩ የሚመጣው እኛ ዛሬ ስለ መምህሮቻችን ስንጽፍ ሳናውቀው በገድል ቅርጽ ብቻ ስንጽፍ ነው።

ወለጋን ብቻ ብንመለከት እንኳ መንገዱ አንድ አይደለም። ነቀምቴ ላይ በ1931 ያረፉት ኦኔሲሞስ ነሲብ መምህርነታቸው በ1899 በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ተርጓሚ ግን ድምፁን ለሌላ ቃል ያበደረ ሰው ነውና፣ የራሳቸውን የክፍል ድምፅ ከትርጉማቸው ገጽ መስማት ያስቸግራል። በቀድሞው ወለጋ ምዕራባዊ ጫፍ ደግሞ በ1953 ያረፉት የቲጃኒያው ሼህ፣ አልፋቂ አሕመድ ዑመር፣ ያኣ ላይ በመቃብራቸው ዙሪያ በሚሰበሰበው ሕዝብ ውስጥ ይኖራሉ። እዚያ መምህሩን የሚያቆየው ከገጽ ይልቅ ጉዞው ነው። መጽሐፍና መቃብር እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ያቆያሉ፤ መምህሩ በአንድ ማለዳ ለአንድ ተማሪ የተናገሩት ግን የሚገኘው አንድ ሰው ከጻፈው ብቻ ነው።

4. የራሴ ረቂቅ

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በንባብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጽሑፉን ባልጀመርሁት ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በኪራሙና በዙሪያዋ በተደጋጋሚ በደረሰው ግጭት ብዙ ሕዝብ ሞቷል፤ ብዙም ተፈናቅሏል። ከየኔታ ሥር የተማርን፣ በሕይወት ያለን ጥቂት ሽማግሎችም ተበታትነናል። ቀድሞ በየዓመቱ በዕረፍታቸው ቀን እዚያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተሰብስበን ዝክር እናወጣ ነበር። መሰብሰቡ ሲቀር ከጓደኞቼ አንዱ “ቦታው ካልሆነልን ወረቀት ይሁንልን” አለኝ። እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝና ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

ስድስት ገጽ ጻፍሁ። የኔታ በጾም እንዴት ይጸኑ እንደነበር፣ ድርጎ ሲመጣላቸው ለእኛ ለተማሪዎች እንዴት ያካፍሉን እንደነበር፣ ዕረፍታቸውን አስቀድመው እንዴት እንዳወቁ ጻፍሁ። ከጻፍሁት ውስጥ ውሸት አልነበረበትም። ለጓደኛዬ በስልክ አነበብሁለት። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማኝና፦

“ወንድሜ፣ አጻጻፉስ ያምራል። ግን እኒህ ሰው የኔታ አይደሉም። ያን የዳዊቱን ነገር የት ጣልኸው?” አለኝ።

የዳዊቱ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ዓመት ቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር፣ በዕድሜ ከሁላችን ያነሰ ልጅ መጣ። ፊደሉን ቶሎ ለየ፤ ዳዊትም ገባ። የኔታ ያን ጊዜ ዐይናቸው ደክሞ ነበርና በቃላቸው እያረሙ ነበር የሚያስነብቡን። አንድ ማለዳ ልጁ ሲያነብ “አይደለም” ብለው በሌላ ቃል አረሙት። ልጁ ደግሞ አነበበ። አሁንም አረሙት። ልጁ ጣቱን ከመጽሐፉ ሳያነሣ ያንኑ ቃል ደገመ። እኛ በአነጋገሩ ሳቅንበት፤ ኩርኩሙንም እንጠብቅ ነበር። የኔታ ግን መጽሐፉን ከእጁ አስወስደው ትልቁን ተማሪ “አንብበው” አሉት። ተነበበ፤ ልጁ ያለው ነበር። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና “ልጁ ይቀጥል፤ የሳትሁት እኔ ነኝ” አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚያ መዝሙር በደረስን ቁጥር ያን ስንኝ ለሌላ አይሰጡም ነበር፤ ልጁን ይጠሩ ነበር።

ይህን እንዴት ተውሁት ብዬ ራሴን መረመርሁ። ረስቼው አልነበረም። መጀመሪያ ለራሴ የሰጠሁት መልስ የመምህርን ስሕተት በዝክር ጽሑፍ ማንሣት ነውር ነው የሚል ነበር። ኋላ ግን ሌላው ምክንያት ተገለጠልኝ። ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ምናልባትም ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። የየኔታን ስሕተት ስሰርዝ የሰረዝሁት የራሴን ሳቅ ነው። መምህሩን ያለ ነቀፋ ስናቀርብ እኛም ያለ ነቀፋ አብረናቸው እንቀርባለን። ማሄንድራናት ጉፕታ ግን ማፈሪያውን ለአንባቢ አሳልፎ ሰጠ። የእኔ ስድስት ገጽ ከእርሱ መጽሐፍ የሚያንሰው በጥበብ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ድፍረት ነው።

ሌላም ነገር አስተዋልሁ። ጓደኛዬ ያን ማለዳ ሲያስታውሰኝ ግሦቹ በሙሉ “አሉ”፣ “አስነበቡ”፣ “ዝም ብለው ቆዩ” የሚሉ የኀላፊ ጊዜ ግሦች ነበሩ። ታሪኩን ሲጨርስ ግን፣ ምንም ሳያስብበት፣ “አየህ፣ የኔታ መጽሐፉ ይታይ ነው የሚሉት” አለኝ። ከአንድ ማለዳ የኀላፊ ጊዜ ውስጥ የአሁን ጊዜ ወጣ። በእኔ ገጾች ውስጥ በተቃራኒው ከዳር እስከ ዳር “ይጾሙ ነበር፣ ይጸልዩ ነበር፣ ይሰጡ ነበር” ነው። የማያልቅ ልማድ እንጂ አንድም ቀን የለበትም። ቀን ስለሌለበትም የኔታ አይናገሩበትም።

5. ማጠቃለያ

ከዚህ ትንተና ሁለት ነገሮችን ማውጣት የሚቻል ይመስለኛል። አንደኛው ለሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ነው። ገድልንና መልክእን ስናጠና የታሪክ ምንጭነታቸውንና ቋንቋቸውን ብቻ ሳይሆን፣ ከመምህር ጋር የመለየትን ችግር እንዴት እንደፈቱት ብንጠይቅ ብዙ የሚያወሩን አላቸው። በተለይ ከዘውጉ ግዴታ ውጭ የሆኑ፣ ለምንም የማይጠቅሙ የሚመስሉ ዝርዝሮችን አንድ ተማሪ ከብዙ ገድሎች ለቅሞ ቢያስተያይ ጥሩ ጥናት ይወጣዋል።

ሁለተኛው ለተማሪዎቻችን ነው። የቅኔ፣ የዜማና የትርጓሜ ቤት መምህራን በየዓመቱ እያለፉ ነው፤ ጉባኤያቸውም በሰላም እጦት ይፈታል። ከእነርሱ የምንቀዳው ብዙ ጊዜ ትምህርቱን፣ ቅኔውን፣ ትርጓሜውን ነው። ያ ይቅር አልልም። ከጎኑ ግን ቀኑ ይጻፍ፤ ማን ጠይቆ ማን እንደሰማ ይጻፍ። መምህሩ ያመነቱበት፣ የሳቁበት፣ የሳቱበት ይጻፍ። በየትኛው ቋንቋ እንደገሠጹ፣ ተማሪው በየትኛው ቋንቋ እንደመለሰም ይጻፍ። ጸሐፊውም ያፈረበትን አይሰርዝ።

የሒሳብ መምህሬ ከፎቶግራፉ ፊት ሳሕን ሲያስቀምጡ መምህራቸው እንደሚቀበሏቸው ያምኑ ነበር። በዚያ ላይ የምለው የለኝም። ስለ የኔታ ግን ስድስቱን ገጽ አስቀምጬ እንደገና ጀምሬአለሁ። አዲሱ ረቂቅ የሚጀምረው በአንድ ማለዳ፣ አንድ ሕፃን ጣቱን ከዳዊቱ ላይ አላነሣም ባለበት ነው። ከሳቁትም መካከል ጸሐፊው አለ።